«የዝናብ ሌሊት»፦ ፊልሙን የተሸከመው የ12 ደቂቃ ዘፈን

የህንድ ፊልም ስናይ ዘፈን ሲጀመር ብዙዎቻችን እንደ እረፍት እንቆጥረዋለን። ቡና የሚያፈላ ይነሳል፣ ስልኩን የሚያይ ያያል፣ ሪሞት የያዘ ደግሞ ወደፊት ያሳልፋል። ታሪኩ ከዘፈኑ በኋላ ይቀጥላል ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቦምቤይ ውስጥ የተሠራው ጥቁርና ነጭ የኡርዱ ፊልም «ባርሳት ኪ ራት» ግን እንዲህ ከታየ ጨርሶ አይገባም። ርዕሱ «የዝናብ ሌሊት» ማለት ነው። የታሪኩ ቋጠሮ የሚፈታው ወደ መጨረሻው ላይ በሚመጣ አንድ ረጅም ዘፈን ውስጥ ነው። ዘፈኑ 12 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ዓይነቱም ቀዋሊ ይባላል። ቀዋሊ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉን ለማያውቅ ሰው ጭብጨባና ጩኸት ነው። ለሚያውቀው ግን ቃል በቃል የሚሄድ ክርክር ነው። ዛሬ ያንን ክርክር አብረን እንድንከታተለው እፈልጋለሁ። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ። አማን የሚባል ድሃ ገጣሚ አለ፤ የሃይደራባድ ሰው ነው። አንድ ሌሊት ዶፍ ሲወርድ ሊጠለል አንድ ጣራ ሥር ይገባል። በዝናብ የራሰች ወጣት ሴትም እዚያው ትመጣለች። መብረቅ ያስደነግጣታል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ከዚያ በቅጡ ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ገጣሚው ያንን ሌሊት ግጥም አድርጎ በሬዲዮ ያዜመዋል። ሸብነም፣ ማለትም ያቺ ልጅ፣ ቤቷ ሆና ትሰማዋለች። ችግሩ አባቷ ነው። ትልቅ የፖሊስ ባለሥልጣን ነው፤ ልጁን ለገጣሚ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ሁለቱ ይዋደዳሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይለያያሉ። በሌላ በኩል ሸማ የምትባል የቀዋሊ አዚያሚ አለች። እሷም ገጣሚውን ትወደዋለች። እሱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ሸብነምን የሠራችው ማድሁባላ ናት፣ ገጣሚውን ባራት ቡሻን፣ ሸማን ደግሞ ሺያማ። እውነቱን ለመናገር ባራት ቡሻን ፊቱ ብዙ አይንቀሳቀስም። ታሪኩም አጋጣሚ ይበዛበታል። ፊልሙ 60 ዓመት አልፎት እንኳ እንዲታይ የሚያደርገው ነገር ሌላ ነው። እሱም የገጣሚው ሳሂር ሉድያንቪ ቃልና የሙዚቃ ደራሲው ሮሻን ዜማ ነው።

ሮሻንን በስም የማታውቁት ከሆነ የልጅ ልጁን ታውቁታላችሁ። ሂሪቲክ ሮሻን ነው። ያ ሁላችንም በጭፈራው የምናውቀው ተዋናይ የአያቱን ስም ነው የቤተሰብ ስም አድርጎ የያዘው። አያትየው በ1917 ጉጅራንዋላ በተባለች ከተማ ተወለደ። ላክናው ሄዶ ሙዚቃ ተማረ፣ ዴልሂ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ኢስራጅ የሚባል በደጋን የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር። ወደ ፊልም የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ህንድ ውስጥ የተሠራ ፊልም እንዴት የኡርዱ ፊልም ይባላል? ኡርዱና ሂንዲ በዕለት ንግግር ላይ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ የሚያወሩ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሲጻፍና ከፍ ያለ ነገር ሲነገር ነው። ኡርዱ በአረብኛና በፋርስ ፊደል ይጻፋል፤ ለግጥም፣ ለፍልስፍናና ለፍቅር ቃል ሲፈልግ ወደ ፋርስኛና ወደ አረብኛ ይሄዳል። ሂንዲ ደግሞ ወደ ሳንስክሪት። በዚያ ዘመን የቦምቤይ ፊልሞች መዝገብ ላይ ሂንዲ ቢባሉም፣ ግጥማቸውን ከሚጽፉት ውስጥ ብዙዎቹ የኡርዱ ገጣሚዎች ነበሩ። «ባርሳት ኪ ራት» ደግሞ ሰዎቹ ሙስሊሞች፣ ሥራቸው ግጥምና ቀዋሊ ነው። ስለዚህ ኡርዱው ጌጥ አይደለም፤ ሰዎቹ የሚኖሩበት ዓለም ነው።

አሁን ወደ ቀዋሊ።

ቀዋሊ ከሲኒማ በጣም ይቀድማል። የሱፊዎች፣ ማለትም ወደ ፈጣሪ በፍቅር መቅረብን የሚሹ ሙስሊሞች፣ መንፈሳዊ ዜማ ነው። በትውፊት አባቱ ተደርጎ የሚታየው ከ1253 እስከ 1325 የኖረው ገጣሚ አሚር ኹስሮ ነው። ኹስሮ ዴልሂ ውስጥ የታላቁ ወሊ የኒዛሙዲን አውሊያ ደቀ መዝሙር ነበር። ዛሬም ድረስ በኒዛሙዲን መቃብር ግቢ ውስጥ፣ በተለይ ሐሙስ ማታ፣ ቀዋሊ ይዜማል። ሰዎች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ወይም ሁለት መሪዎች ከፊት ይሆናሉ፣ ተቀባዮች ከኋላ። ሃርሞኒየም አለ፣ ከበሮ አለ፣ ከሁሉም በላይ ጭብጨባ አለ።

የወሎን መንዙማ የሰማ ሰው እዚህ ላይ ብዙም አይቸገርም። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ድቤው ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ ስንኙ እየተደጋገመ ሰውን ከተቀመጠበት ይወስደዋል። ቀዋሊም እንዲሁ ነው። አጀማመሩ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ድምፅ ያለ ከበሮ ዜማውን እየዳሰሰ ይነሳል። ከዚያ ከበሮው ይገባል። ጭብጨባው ይከተላል። ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይጨምራል።

ድግግሞሹ ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንኙ የሚደገመው አዚያሚው ስንኝ ስላጠረው አይደለም። አድማጩን ያያል። አንድ ሰው በአንድ ስንኝ ላይ ልቡ ከተነካ፣ ዕንባው ከመጣ ወይም ከተነሳ፣ ያ ስንኝ እስኪበቃው ድረስ ይደገምለታል። ስለ ዴልሂው ወሊ ቁጥቡዲን ባኽቲያር ካኪ የሚተረክ ነገር አለ። በ1235 ቀዋሊ እየሰሙ ሳለ አንድ ስንኝ ልባቸውን ወጋው። ስንኙ ራሱን ለፈጣሪ በመስጠት ሰይፍ የተሰዋ ሰው በየጊዜው አዲስ ሕይወት ያገኛል የሚል ነው። አዚያሚዎቹ ለቀናት ያንኑ ደጋገሙት፤ በመጨረሻም ወሊዩ በዚያው ስሜት ውስጥ እንዳሉ አረፉ ይባላል። ትውፊት ነው። ግን የቀዋሊ ሰዎች ስንኝ መድገምን ምን ያህል ከባድ ነገር አድርገው እንደሚያዩት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

ሁለተኛው ሕግ ማስገባት ነው። አዚያሚው ዋናውን ግጥም እያዜመ ድንገት ያቆምና ከሌላ ገጣሚ፣ ከሌላ ዘመን፣ አንዳንዴም ከሌላ ቋንቋ ስንኝ ያመጣል። ያ ስንኝ ዋናውን ያብራራል፣ ያጠነክራል ወይም ይሞግታል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ዋናው አዝማች ይገባል። ጥሩ አዚያሚ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ምን ያህል ግጥም በቃሉ እንደያዘና የትኛውን የት ላይ እንደሚያስገባ።

ሦስተኛው፣ «አንተ» የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ አይነገርም። ወዳጅ ነው? ፈጣሪ ነው? በሱፊ ግጥም ሁለቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ። የሰው ፍቅር ወደ ላይኛው ፍቅር መውጫ ደረጃ ነው ብለው ያስባሉና።

ፊልም ሠሪዎች ይህን ነገር ከመቃብሩ ግቢ አውጥተው መድረክ ላይ አቆሙት። ወሊ የለም፤ ተመልካች አለ። በአንድ ቡድን ፋንታ ሁለት ቡድን ሆነ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አሸናፊ ይኖራል። በወሊዎቹ ደጅ በተለምዶ የሚያዜሙት ወንዶች ሲሆኑ፣ ፊልሙ ሴቶችንም አምጥቶ ከወንዶች ፊት አስቀመጣቸው። በሴቶች የተዜመ ቀዋሊ በፊልም ዝነኛ የሆነው ቀድሞ፣ በ1945 «ዚነት» በተባለው ፊልም፣ ኑር ጃሃን ከሌሎች ሴቶች ጋር ስታዜም ነው። «ባርሳት ኪ ራት» ግን ውድድሩን እስከ ጥግ ወሰደው። ፊልሙ ውስጥ ከአንድ በላይ የቀዋሊ ፍልሚያ አለ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል።

እስቲ እሱን እንከተለው።

የሚጀምሩት ሴቶቹ ናቸው፣ ሸማና እህቷ ሸባብ። የሚሰማው ድምፅ ግን የተዋንያኑ ሳይሆን የአዚያሚዎቹ የአሻ ቦስሌና የሱዳ ማልሆትራ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ቅፍለት አልፈልግም፣ የመንገድ ጓደኛም አልፈልግም፤ ቤቴን ያፈረሰው ናፍቆቴ የሚፈልገው አንተ የምታልፍበትን መንገድ ብቻ ነው። ረጋ ያለ ነው፣ ግን ከባድ ነው። አንተን እንኳ አላለችም፤ መንገድህን ነው ያለችው። ቀጥሎ አንድ አስፈሪ ነገር ትላለች። ለዚህ እብደቴ መድኃኒት ካለው ሞት ነው፤ የምፈልገውም መድኃኒት ነው ብሎ መርዝ የሚሰጠኝን ሐኪም ነው። ይህን መርዝ አትርሱት፤ ተመልሶ ይመጣል።

የወንዶቹ ወገን ይቀበላል። ማና ዴይና ኤስ ዲ ባቲሽ ከሚያዜሙት ውስጥ ናቸው። ማና ዴይ ድምፁ የተማረ፣ የክላሲካል ሙዚቃ ጉልበት ያለው ሰው ነው፤ ሲገባ ክርክሩ ከፍ ይላል። ጥያቄው ግልጽ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያሰቃያችሁ ነገር ምንድን ነው? መልሱ አንድ ቃል ሆኖ ይመጣል። ፍቅር። ከዚያ ያ ቃል አዝማች ይሆናል። ይህ ፍቅር ነው፣ ፍቅር፣ ፍቅር። ከዚህ በኋላ ዘፈኑ በሙሉ ፍቅር ምን እንደሆነ መበየን ነው። እያንዳንዱ አዚያሚ አንድ ብያኔ ያመጣል፣ ተቀባዩ ያጸድቅለታል፣ ከበሮው ይፈጥናል።

አንዱ ብያኔ ይህ ነው። የልብን እብደት ስቅላት አላቆመውም፣ ጩቤም ሰይፍም አላቆመውም። ፍቅር የመጅኑን ድምፅ ነው፤ ያንን ድምፅ ስትሰማ የትኛዋንም ለይላ የትኛውም ግድግዳ አላገዳትም። ለይላና መጅኑን ከአረብ የመጡ፣ በፋርስና በህንድ ሁሉ የሚታወቁ የፍቅር ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሸብነም አለች። አባት አለባት፣ ግድግዳ አለባት። ውድድሩ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ እሷም ትሰማለች። ግጥሙ ግድግዳ አያግዳትም ሲል እሷ ትነሳለች። ዘፈን ታሪኩን ይሸከማል ያልኩት ይህንን ነው። ይህን ስንኝ ያሳለፈ ሰው ልጅቷ ለምን እንደምትሮጥ አይገባውም።

ራፊ የሚገባበት ቦታ ሌላው ጫፍ ነው። አዚያሚው መሐመድ ራፊ የአማንን ድምፅ ነው የሚያዜመው። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹን ሲረዳ የቆየው ገጣሚ አሁን ራሱ ይናገራል። ፍቅር ነፃ ነው ይላል፤ ሂንዱም አይደለም፣ ሙስሊምም አይደለም፤ ሃይማኖቱም እምነቱም ራሱ ነው። ሼሁም የሂንዱ ካህኑ ብራህማንም የማያውቁት እውነት ነው፣ እንደ ነጎድጓድ የሚታወጅ።

ከዚያ ግጥሙ የሃይማኖቶቹን ደጅ በየተራ ያንኳኳል። ማስገባት የሚባለውን ሕግ አስታውሱ፤ ሳሂር እሱን ነው የሚጠቀመው። ቋንቋው ራሱ ይቀየራል። ከፋርስኛ የከበደ ኡርዱ ወጥቶ ወደ ሰሜን ህንድ ገጠር ንግግር ይገባል። የሂንዱዎች አምላክ ክሪሽና ዋሽንቱን ሲነፋ ወዳጁ ራዳ የሰውን ሐሜት ትታ ትወጣለች። የአምላኩ የራማ ሚስት ሲታ የፍቅር አበባ አንገቷ ላይ አድርጋ በየጫካው ትንከራተታለች። ሚራ የምትባለው ልዕልት፣ የክሪሽና ፍቅረኛና ገጣሚ፣ መርዝ የሞላውን ጽዋ ትጠጣለች። መርዙ ተመለሰ። ሸማ መጀመሪያ ላይ የለመነችው መርዝ አሁን በአንዲት ቅድስት ሴት እጅ ላይ ነው። አንዱ ወገን በጥያቄ የጀመረውን ሌላው ወገን በመልስ ዘጋው። ሳሂር ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያው ቁርኣን ይመጣል፣ ሐዲስ ይመጣል፣ ቡድሃ ይመጣል፣ ክርስቶስ ይመጣል። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ፍቅር ነው ይላል።

ዓመቱን አስቡት። 1960። ህንድና ፓኪስታን የተከፈሉት በ1947 ነው። ሚሊዮኖች በሃይማኖታቸው ምክንያት ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፣ እጅግ ብዙ ሰው ተገድሏል። ከዚያ ወዲህ 13 ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። ሲኒማ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው ያንን ያየ ነው።

ሠሪዎቹም ያዩት ናቸው። የሮሻን የትውልድ ከተማ ጉጅራንዋላ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናት። ሳሂር በ1921 የተወለደው ህንድ ውስጥ በቀረችው ሉድያና ነው። ሙስሊም ነበር፤ ከመከፈሉ በኋላ ለአጭር ጊዜ ላሆር ኖሮ፣ ተመልሶ ወደ ህንድ መጣ። የዜማው ነገር ደግሞ ይገርማል። የዚህ ቀዋሊ አነሳስ ከፓኪስታን አዚያሚዎች፣ ከፈተህ አሊ ኻንና ከሙባረክ አሊ ኻን፣ የተወሰደ ነው ይባላል። እነሱ ቀድሞ ያዜሙት የነበረ ቀዋሊ አለ፤ አጀማመሩ ከዚህኛው ጋር አንድ ቤት ነው። ሁለቱ የጃላንዳር ሰዎች ነበሩ፤ ከተማቸው ህንድ ውስጥ ስትቀር እነሱ ወደ ፓኪስታን ተሻገሩ። ፈተህ አሊ ኻን በኋላ ቀዋሊን ለዓለም ያስተዋወቀው የኑስረት ፈተህ አሊ ኻን አባት ናቸው። እንግዲህ ከድንበሩ ወዲያ የሄዱ ሰዎች ዜማ፣ ከወዲያ በመጣ ሰው እጅ ተሠርቶ፣ ቦምቤይ ላይ ፍቅር ሂንዱም ሙስሊምም አይደለም አለ። እኔ ይህን ዘፈን ከሌሎች የዘመኑ ዘፈኖች ለይቼ የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ግጥሙ ያለው ነገር በሠሪዎቹ ሕይወት ላይ የደረሰ ነው።

ስለ ሬዲዮውም ሳልናገር አላልፍም። ፊልሙ ሬዲዮን ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ። የዘመኑ ተመልካች ይህን ሲያይ የሚሰማው ነገር ነበር። ከ1952 ጀምሮ የህንድ የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት ኬስካር የፊልም ዘፈን ጆሮ ያበላሻል ብለው ያምኑ ነበር። በመንግሥት ሬዲዮ ላይ የፊልም ዘፈን እንዲመናመን አደረጉ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ጣቢያ ቀየረ። ሬዲዮ ሲሎን፣ ማለትም የዛሬዋ ስሪላንካ ጣቢያ፣ አሚን ሳያኒ የሚመራውን ሳምንታዊ የዘፈን ደረጃ ማስተላለፍ ጀመረ። ሕዝቡም ከዚያ ሬዲዮ ሥር አልጠፋ አለ። በ1960 ዓመታዊ ደረጃ ላይ አንደኛ የወጣው የዚህ ፊልም ዘፈን ነው። ያ ገጣሚው በሬዲዮ የሚያዜመው፣ ያንን የዝናብ ሌሊት ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም የሚለው። ፊልም ውስጥ በሬዲዮ የተዜመው ዘፈን በእውነትም በሬዲዮ ነገሠ።

ያ ዘፈን ከቀዋሊው ጋር አይገናኝም። ለስላሳ ነው፣ ራፊ ብቻውን ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአንድ ሰው እንደሚናገር ያዜመዋል። የተመሠረተው ያማን በሚባለው የምሽት ራጋ ላይ ነው። ራጋ ማለት ዜማው የሚሄድበት የድምፅ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ራጋ የሚስማማው ሰዓት ወይም ወቅት አለው ተብሎ ይታመናል። ለክረምት ደግሞ ማልሃር የሚባል ቤተሰብ አለ። ሱማን ካልያንፑርና ካማል ባሮት አብረው የሚያዜሙት የክረምት ዘፈን ከዚያ ቤተሰብ ነው። ስለ ዝናብ የሚያወራ ፊልም የዝናብን ራጋ ትቶ አይሄድም።

ተዋንያኑ ራሳቸው እንደማያዜሙ ምናልባት ታውቃላችሁ። ዘፈኑ ቀድሞ በስቱዲዮ ይቀረጻል፤ ተዋናዩ ቀረጻው ላይ ከንፈሩን ያስማማል። ቀዋሊ ላይ ግን ይህ ቀላል አይደለም። ከንፈር ብቻ አይበቃም። እጅ አለ፣ ዓይን አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ተራ አለ። ሺያማ እዚህ ላይ የምትሠራው ሥራ ሲበዛ ያስደንቃል። መጀመሪያ ላይ በኩራት ትጀምራለች። ቀስ እያለ ይህ ሁሉ ፍቅር ለሌላ ሴት እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል። የድምፁ ባለቤት ሌላ ናት፣ ስብራቱ ግን የሺያማ ነው። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ትወና ይህ ነው፤ ከማድሁባላም ይበልጥብኛል። ማድሁባላ ያኔ የልብ ሕመምተኛ ነበረች፤ በ1969 በ36 ዓመቷ አረፈች። በፊልሙ ውስጥ የዝናቡ ትዕይንት ላይ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ጥቁርና ነጭ ለምን ለአንዳንድ ፊልም እንደሚበጅ ይገባል።

አንድ ተግባራዊ ነገርም አለ። በዚያ ዘመን የነበረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። 12 ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን ፊልም ውስጥ ማስገባት ማለት ገበያውን ወደ ጎን ማለት ነው። በአንድ ሸክላ አይሸጥም፣ ሬዲዮ ላይ ሙሉውን ማጫወትም ያስቸግራል። ሮሻን ግን አላሳጠረውም። ቀዋሊ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከበሮው በሦስት ደቂቃ እዚያ አይደርስም።

ማየት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው፣ መጀመሪያ ፊልሙን ሙሉውን በትርጉም ጽሑፍ ማየት ነው፤ ቀዋሊውን ብቻ ቆርጦ ማየት ግማሹን ያሳጣል። ከዚያ ቀዋሊውን ለብቻው እንደገና። በሁለተኛው ላይ ትርጉሙን ተዉትና ሁለት ነገር ተከታተሉ። አንዱ የጭብጨባው ፍጥነት የሚቀየርበት ቦታ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ ሐሳብ ከመግባቱ በፊት ነው የሚቀየረው። ሌላው ሸማ ናት፤ ስታዜም ሳይሆን ሌሎቹ ሲያዜሙ። ሦስተኛ ጊዜ ለማየት የሚያስቸግረው ሰው ያለ አይመስለኝም።